ፊቱ አማርኛ፣ ሆዱ እንግሊዝኛ

ተረት ልንገራችሁ። ግን አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፤ ሳቅ ፈልጎ የመጣ ካለ ሌላ ደጅ ይሂድ። የእኔ ተረት ገመድ ነው። አንዱ ጫፍ በአንዲት እናት እጅ ነው፤ ሌላውን ማን እንደያዘው እየጎተትን እናያለን።

ከዱርቤቴ አለፍ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ትውልዷ አገው ምድር ነው። በልጅነቷ ተድራ መጣችና ሰው ሁሉ አማርኛ በሚናገርበት ሰፈር ጎጆ ወጣች። ባሏ ቀድሟት ሞተ። ልጆቿም ብትወልድ ብትወልድ አላድግ ሲሏት፣ የመጨረሻውን አንሙት አለችው። አንሙት አደገ፣ ተማረ፣ በኮምፒውተር ማመልከቻ እየጻፈ እናቱን ጦረ፤ ከሥራ ሲመለስም አጠገቧ ተቀምጦ የአማርኛ ፊደል አስቆጠራት። ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ የሚያወሩት ግን በአገውኛ ነበር። ባለፈው ክረምት አንሙት ታመመና ሞተ። ስም ማውጣት እንግዲህ ልመና ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም።

የአንጓች ፍላጎት ትንሽ ነበረች፤ የልጇን ድምፅ መስማት። አንሙት ላፕቶፑ ላይ የቀዳው ድምፅ አለ። በአርባው ቀን አንድ ዘመድ፣ "ላሰማችሁ" ብሎ በሰው መሀል ከፈተው። ድምፁ ገና "እማ" ከማለቱ ቤት ሙሉ ለቀስተኛ ዋይ አለ፣ ሴቶቹ ደረት መቱ፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ከ"እማ" በኋላ ያለውን ማንም አልሰማም፤ እናቱም አልሰማችም። ዘመዱ ላፕቶፑን ከደነው፣ ሄደ። ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ገባ። አንጓች ብቻዋን ቀረች፤ የከፋው ደግሞ የልጇ ድምፅ ከጆሮዋ እየጠፋ መጣ። መልኩ ይታያታል፣ አካሄዱ ይታያታል፤ ድምፁን ስትፈልገው ግን የለም።

ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልላ ወደ ባንቻየሁ ሄደች። ባንቻየሁ የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር መምህርት ናት። ከተማው መብራት ካጣ ሰንብቷል፤ እሷ ግን ላፕቶፑን በትምህርት ቤቱ ሶላር ሞላችውና ከፈተችው።

"እትዬ አንጓች፣ ድምፁ ይኸው አለ። አሁኑኑ ላሰማዎት?"

"አይሆንም ልጄ። ሰው ባለበት ዳግመኛ አልሰማውም፤ ለቅሶ ይሆንብኛል። በሬን ዘግቼ፣ እኔው ራሴ ከፍቼ፣ ባሰኘኝ ጊዜ ነው መስማት የምፈልገው።"

"እንግዲያው የት እንደሚጫኑ ላሳይዎት።"

"አሳይተውኝ ነበር። ስነካው ድንገት አንድ ነገር ብቅ ይላል፤ በማላውቀው ፊደል ይጠይቀኛል። አንዱ ክፈት ነው፣ አንዱ ሰርዝ ነው ይሉኛል፤ የቱ የቱ እንደሆነ በምን ልለየው? ተሳስቼ ልጄን ብሰርዘውስ? አንዴ ቀብሬዋለሁ፣ ባንቻየሁ። በገዛ እጄ ደግሜ ልቅበረው?"

ባንቻየሁ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ዞር አድርጋ፣ "መላ አለው" አለች። "ኮምፒውተር ሁለት ቋንቋ መያዝ ይችላል። አንደኛው የሲስተሙ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት። ሌላው የዴስክቶፑ ነው፤ ፊቱ ማለት ነው፣ እርስዎ የሚያዩት ጽሑፍ። ሆዱን አንሙት እንግሊዝኛ አድርጎ ትቶታል። እሱን ብንነካው እሱ የጫናቸው ነገሮች እንዳይበላሹ እፈራለሁ። ሆዱ እንደነበረ ይቀመጥ፤ ፊቱን ብቻ አማርኛ እናድርገው።"

"ሁለቱ አይጣሉም?"

"ኧረ አይጣሉም።"

"እኔም እንደሱው ነኝ" አለች አንጓች። "ሆዴ አገውኛ ነው፤ ፊቴ አማርኛ። ልጄን እንኳ ያለቀስኩት በአማርኛ ነው፤ ጎረቤቱ ይግባው ብዬ።"

ይህን ያለችው እንደ ዋዛ ነው። እናንተ ግን ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ባንቻየሁ ዴስክቶፑን፣ "አማርኛ ተናገር" አለችው። ማሽን አፍ ባይኖረው እምቢታ አያጣም። "እኔ ፊት ነኝ፤ ሲስተሙ ካልፈቀደ ምን አባቴ እላለሁ?" አለ። እንግዲህ ሲስተሙ ካልፈቀደ ዴስክቶፑ አማርኛ አይናገርም፤ ዴስክቶፑ አማርኛ ካልተናገረ አንጓች የልጇን ድምፅ አትሰማም።

ሲስተሙን ጠየቀችው። "እኔ ምን ቸገረኝ" አለ ሲስተሙ፣ "የእኔ ቋንቋ እስካልተነካ ድረስ ፊቴ ያሻውን ይናገር። ግን የአማርኛው ቃል ሁሉ የታሰረበት ጥቅል የለኝም፤ ጥቅሉ ይውረድልኝ።" ጥቅሉ ካልወረደ ሲስተሙ አይፈቅድም፤ ሲስተሙ ካልፈቀደ ዴስክቶፑ አማርኛ አይናገርም፤ ዴስክቶፑ አማርኛ ካልተናገረ አንጓች የልጇን ድምፅ አትሰማም።

ጥቅሉ ሩቅ አገር ተቀምጧል። "ውረድ" ብትለው፣ "በምን መንገድ? ኔትወርክ ካልሠራ በእግሬ ልምጣ?" አላት። ባንቻየሁ ስልኳን ወደ ላይ ብታነሳ፣ ወደ መስኮት ብታስጠጋ፣ ግቢው መሀል ወጥታ ብትዞር ኔትወርክ የለም። ኔትወርክ ካልሠራ ጥቅሉ አይወርድም፤ ጥቅሉ ካልወረደ ሲስተሙ አይፈቅድም፤ ሲስተሙ ካልፈቀደ ዴስክቶፑ አማርኛ አይናገርም፤ ዴስክቶፑ አማርኛ ካልተናገረ አንጓች የልጇን ድምፅ አትሰማም።

"ኔትወርኩ ምን ሆነ?" አለች አንጓች።

"የኔትወርኩ ማማ የሚሠራው በመብራት ነው እትዬ። ነፋሱ ሽቦውን ከበጠሰው ወዲህ ሞቷል። እንጠብቅ እንግዲህ፤ አንድ ቀን ይመጣል።"

አንድ ቀን! ድምፅ ከጆሮ ሲወጣ ቀን ቆጥሮ አይደለም። አንጓች ነጠላዋን አጣፋች፣ ላፕቶፑን ባንቻየሁ ዘንድ ተወችው፣ በጭቃው ወረደች። መንገድ ላይ ለራሷ ታጉተመትማለች። መብራት ካልመጣ ኔትወርክ አይሠራም፤ ኔትወርክ ካልሠራ ጥቅሉ አይወርድም፤ ጥቅሉ ካልወረደ ሲስተሙ አይፈቅድም፤ ሲስተሙ ካልፈቀደ ዴስክቶፑ አማርኛ አይናገርም፤ ዴስክቶፑ አማርኛ ካልተናገረ እኔ የልጄን ድምፅ አልሰማም። ያገኛት ሰው ሁሉ፣ "ምስኪን፣ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ" ብሎ ከንፈሩን መጠጠ።

የመብራት መስመር የሚጠግነው ስንሻው ነው። ከወፍጮ ቤቱ ጥግ፣ ከተበጠሰው ሽቦ ሥር ቁጭ ብሎ አገኘችው። ሽቦው ላዩ ላይ እንደተንጠለጠለ እሱ ጫት ይቅማል።

"ስንሻው ልጄ፣ ለምን አትወጣም?"

"በምን ልውጣ እናቴ? ክንፍ የለኝ። የመሥሪያ ቤቱ ረጅም መሰላል ሌላ ወረዳ ሄዶ ቀረ። ምሰሶው በዝናብ በስብሷል፤ በእግሬ ብቧጥጠው ይዞኝ ይወድቃል። እዚህ ከተማ ያን ያህል የሚረዝም መሰላል ያለው እድሩ ብቻ ነው፤ ብጠይቃቸው አልሰጥ አሉኝ።"

ስንሻው ካልወጣ መብራት አይመጣም፤ መብራት ካልመጣ ኔትወርክ አይሠራም፤ ኔትወርክ ካልሠራ ጥቅሉ አይወርድም፤ ጥቅሉ ካልወረደ ሲስተሙ አይፈቅድም፤ ሲስተሙ ካልፈቀደ ዴስክቶፑ አማርኛ አይናገርም፤ ዴስክቶፑ አማርኛ ካልተናገረ አንጓች የልጇን ድምፅ አትሰማም።

የእድሩን ዕቃ የሚጠብቁት ጋሽ ቢያድግልኝ ናቸው። ቤታቸው ሄደች፤ "ዝማም ቤት ለቅሶ ላይ ናቸው" አሏት። ዝማም ቤት ሄደች። ድንኳኑ ደጁን ሞልቶ ተተክሏል፤ ጋሽ ቢያድግልኝ መግቢያው ላይ አግዳሚ ወንበር ይቆጥራሉ። መሰላሉን ጠየቀቻቸው።

"ያውልሽ" አሉ፣ ወደ ድንኳኑ መሀል እያሳዩ። ድንኳኑን ወጥሮ ያቆመው መሰላሉ ነበር። "የመሀሉ ምሰሶ ተሰብሮ፣ እሱን በቦታው አቆምኩት።"

"መቼ ተሰበረ?"

ጋሽ ቢያድግልኝ አንገታቸውን ደፉ። "በአንሙት ለቅሶ ጊዜ ነው። ስንነቅለው ተሰበረ። ላንቺ መንገሩ ከበደኝ።"

እስቲ አስቡት፤ በልጇ ለቅሶ ምሰሶ ባይሰበር መሰላል አይታሰርም ነበር፤ መሰላል ባይታሰር ይሄኔ ድምፁን በሰማች። ገመዱ ዞሮ ዞሮ በራሷ ደጅ አልፏል።

"እና ይምዘዙልኛ" አለች።

"ብመዘው ድንኳኑ ለቀስተኛው ራስ ላይ ይወርዳል።"

መሰላሉ ካልተለቀቀ ስንሻው አይወጣም፤ ስንሻው ካልወጣ መብራት አይመጣም፤ መብራት ካልመጣ ኔትወርክ አይሠራም፤ ኔትወርክ ካልሠራ ጥቅሉ አይወርድም፤ ጥቅሉ ካልወረደ ሲስተሙ አይፈቅድም፤ ሲስተሙ ካልፈቀደ ዴስክቶፑ አማርኛ አይናገርም፤ ዴስክቶፑ አማርኛ ካልተናገረ አንጓች የልጇን ድምፅ አትሰማም።

"ድንኳኑን ያንሱታ! ሦስተኛው ቀን አልፏል።"

"የእድራችንን ደንብ ታውቂዋለሽ እኮ። የሐዘኑ ባለቤት፣ 'እግዜር ይስጥልኝ፣ ይበቃኛል' ሳትል ድንኳን አይነሳም። ዝማም አላለችም። ሰው እየሳሳ ሄደ፣ ቆሎው ሊያልቅ ነው፣ እሷ ግን እንደተቀመጠች ናት። የምትለውም የለ። እባክሽ ገብተሽ አንቺ አናግሪያት፤ አንቺ ሐዘን ታውቂያለሽ።"

ዝማም እናቷ ሞተውባት ነው። አሮጊቷ ከአገው ምድር በስተርጅና መጥተው ልጃቸው ዘንድ የኖሩ ነበሩ፤ ከቤት ስለማይወጡ የሚያውቃቸው ትንሽ ሰው ነው፤ አንጓች ግን የአገሯ ሰው ናቸውና ታውቃቸዋለች። ዝማም ፍራሽ ላይ ተቀምጣ መሬት መሬቱን ታያለች። ዓይኗ ደረቅ ነው። አንጓች አጠገቧ ተቀመጠች።

"ዝማምዬ፣ ለምን ድንኳኑን አታሰናብቺም?"

"አላለቀስኩም እኮ" አለች ዝማም፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አንዲት ጠብታ አልወጣኝም። ሰዉ ይመጣል፣ ያለቅሳል፣ ሙሾ ያወርዳል፤ ሁሉም በአማርኛ። እናቴ አማርኛ አንድ ቃል አትሰማም ነበር። ይሄ ሁሉ ሰው ዋይ ሲል፣ ማን ሞቶ ነው ብላ የምትጠይቅ ይመስለኛል። እንዴት ብዬ ላልቅስ? እናቴን ሳላለቅስላት ድንኳን ላስነሳ? አላደርገውም።"

ይኸው እንግዲህ፤ የገመዱ ሌላ ጫፍ የታሰረው አንዲት ደረቅ ዓይን ላይ ነው። ዝማም ካላለቀሰች ድንኳኑ አይነሳም፤ ድንኳኑ ካልተነሳ መሰላሉ አይለቀቅም፤ መሰላሉ ካልተለቀቀ ስንሻው አይወጣም፤ ስንሻው ካልወጣ መብራት አይመጣም፤ መብራት ካልመጣ ኔትወርክ አይሠራም፤ ኔትወርክ ካልሠራ ጥቅሉ አይወርድም፤ ጥቅሉ ካልወረደ ሲስተሙ አይፈቅድም፤ ሲስተሙ ካልፈቀደ ዴስክቶፑ አማርኛ አይናገርም፤ ዴስክቶፑ አማርኛ ካልተናገረ አንጓች የልጇን ድምፅ አትሰማም።

አንጓች የመጣችው ለመሰላል ነበር። ሌላ ነገር አላሰበችም። ሰው ሁሉ የሚለውን "እግዜር ያጽናሽ" ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን አማርኛ አልነበረም፤ አገውኛ ነበር።

መጀመሪያ ቀስ ብላ ጀመረች። አሮጊቷን በአገራቸው ስም ጠራቻቸው፤ የወንዛቸውን ስም፣ የአባታቸውን ስም አነሳች። በልጅነቷ የሰማችውን የለቅሶ ዜማ ከሆዷ ጎልጉላ አወጣችው። ባሏ ሲሞት ያላወጣችውን፣ ልጇ ሲሞት ለጎረቤት ብላ የዋጠችውን አወጣችው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ምን እንደምትል አልገባውም፤ ግን ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። ቆሎ የሚቆረጥም ሽማግሌ እንኳ መንጋጋውን ገታ። አንጓች ደረቷን እየመታች ቀጠለች፤ መሀል ላይ የአሮጊቷ ስም ተረሳትና በቦታው "አንሙት" አለች። አላረመችውም። ዝማምም አላረመቻትም። ዝማም ያን ጊዜ እንደ ሕፃን እሪ ብላ፣ በአገውኛ "እናቴ" እያለች፣ አንጓች ጭን ላይ ተደፍታ እያለቀሰች ነበር።

አለቀሱ፣ አለቀሱ፣ ደከሙ። ከዚያ ዝማም ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ደጅ፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ይበቃኛል" አለች።

ዝማም ስታለቅስ ድንኳኑ ተነሳ፤ ድንኳኑ ሲነሳ መሰላሉ ተለቀቀ፤ መሰላሉ ሲለቀቅ ስንሻው ጫቱን ተፍቶ ወጣ፤ ስንሻው ሲወጣ መብራት መጣ፣ ወፍጮ ቤቱም አጓራ፤ መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ሠራ፤ ኔትወርክ ሲሠራ ጥቅሉ ወረደ፤ ጥቅሉ ሲወርድ ሲስተሙ ፈቀደ፤ ሲስተሙ ሲፈቅድ ዴስክቶፑ አማርኛ ተናገረ። ሆዱ ግን አልተነካም፤ አንሙት እንደተወው እንግሊዝኛውን ይዞ ተቀመጠ። ባንቻየሁ ላፕቶፑን ታቅፋ አንጓች ቤት ድረስ መጣች።

"እስቲ ያንብቡልኝ እትዬ። ይሄ ምን ይላል?"

አንጓች ዓይኗን አጥብባ፣ በጣቷ ፊደሉን እየተከተለች፣ "ክ... ፈ... ት። ክፈት" አለች።

"ይሄኛውስ?"

"ሰርዝ" አለች፤ ያቺን ቃል ስታነብ እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሳች።

ባንቻየሁ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል እንባዋ ቀደማት። ጉንጯን ስማት ወጣች። አንጓች በሯን ዘጋች፣ መዝጊያውን ቀረቀረች፣ ቁጭ አለች፤ ብዙ ከቆየች በኋላ ክፈት የሚለውን ነካች።

ድምፁ በአገውኛ ነው፤ ለእናንተ ስል በአማርኛ ልመልሰው።

"እማ፣ ነይ እስቲ ድምፅሽን ልቅዳው። አንድ ነገር በይ።"

ከሩቅ፣ ከጓዳ በኩል፣ የራሷ ድምፅ መለሰ። "ተወኝ ልጄ፣ ስንዴ እየለቀምኩ ነው።"

"አንድ ቃል ብቻ። ስሜን ጥሪልኝ።"

"ነገ።"

አንሙት ሳቀ። ያ ሳቅ ራሱ ነበር፤ ከጆሮዋ ጠፍቶ የነበረው። "እሺ፣ ነገ" አለ። ሌላ ነገር የለውም፤ እዚያው ላይ አለቀ።

አንጓች ያቺን ቀን አስታወሰቻት። ስንዴው ተለቀመ፣ ተፈጨ፣ ተበላ። በማግስቱ እሱም አልጠየቀም፣ እሷም አላሰበችው። እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ማን ያስባል? አሁን ግን ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ ማንም በሌለበት ቤት፣ ጮክ ብላ "አንሙት" አለች።

መልስ አልነበረም። ፊቱ ላይ ያሉት ሁለት ቃላት ብቻ ቁልጭ ብለው ይታዩአታል። ሁለቱንም አነበበቻቸውና ክፈት የሚለውን ነካች።

ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን ሥራዋን ትጨርስና በሯን ትዘጋለች። "ስሜን ጥሪልኝ" ይላታል፤ ትጠራዋለች። "እሺ፣ ነገ" ይላታል፤ ነገም ትጠራዋለች።

ተረቴ አለቀ። ዳቦው ይቅርብኝ፤ ውሃ ስጡኝ።